‹ችግሩ አልታየም› ብዬ የፈረምኩበት ወረቀት

ለእህቴ ለማርሊስ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽ እንዴት ነው? ያ የወገብሽ ሕመም ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ከወንበር ለመነሣት ሰው ትጠሪያለሽ? ባልሽ ዴነስስ እንዴት ነው? የደም ግፊቱ ወረደለት? ልጆቹስ ደህና ናቸው? በፍሎሪዳ ፀሐይ ቅባታችሁን ተቀባብታችሁ፣ እኛ እዚህ እስከ ጉልበታችን ጭቃ ውስጥ መሆናችንን ረስታችሁ በሰላም እንደምትኖሩ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ጤነኛ ነኝ። እጄ ከግራሶ አልጠራም፣ ጉልበቴም ደረጃ ስወጣ ይንቋቋል፤ ከዚያ በቀር ምንም አልሆንኩም። ምንም አለመሆኔ ራሱ ይገርመኛል።

ለምን በስልክ አልነገርከኝም እንዳትይኝ። በስልክ ጀምሬልሽ እንዴት እንደተለያየን አንቺም እኔም እናውቀዋለን። ደብዳቤ ግን መሃል ላይ አይዘጋም። ቀዳደሽ ብትጥዪው እንኳ የመጀመሪያውን ገጽ ማየትሽ አይቀርምና ዋናውን ነገር እዚሁ ላስቀምጠው። አባባ እውነቱን ነበር። የተበላሸችው ፒካፗ ናት፤ አባባ አልተበላሸም ነበር።

አስታውሺ እንጂ። የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2017 መኸር፣ የአሮጊቷ የአግነስ ቀብር ዕለት ነው። ቀኑ ዝናብ ነበር። ፓስተሩ ጸሎት ላይ ሳለ ደጅ የቆመችው የአባባ ፒካፕ ክላክሷን ለቀቀችው፤ እምቢ አላቆምም አለች። አባባ ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አልፎ ወጣ። ሲመለስ ‹‹ራሷ ነች፤ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው›› አለ። ማን ይመነው? በማግስቱ የገበሬዎች ኅብረት ሥራው ቤት ቡና ሲጠጡ ጎረቤታችን ዱዌን ‹‹አርቪድ፣ አግነስ ናት እንዴ የጠራችህ? በጉብዝናህ ጊዜ ዓይን ጥለህባት ነበር ይባላል!›› አለው፤ ሽማግሌዎቹ በሳቅ ፈረሱ። አባባም ‹‹እሷ ብትጠራኝማ አንተን ከነኬክህ ጥዬህ እሄድ ነበር፤ ለቀብር መጥተህ አራት ቁራሽ ስትጠቀጥቅ ቆጥሬሃለሁ›› አለው። ያኔ ምላሱ ገና ስለት ነበረች።

ከዚያ ጥር መጣ። ሌሊቱን በረዶ ሲጥል አድሮ፣ አባባ የመንገድ ዳሩን የፖስታ ሣጥን ከበረዶ ሊያወጣ ጠዋት ሄደ። ሞተሩንና ማሞቂያውን ሳያጠፋ፣ ስልኩንና ወፍራም ጓንቱን ወንበሩ ላይ ትቶ፣ አካፋውን ይዞ ወረደ። በሩን ሲገፋው አራቱም በሮች አንድ ላይ ጠቅ ብለው ተቆለፉ። ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ ነበር። እስከ ዱዌን ቤት ሁለት ማይል በእግሩ ሄደ። ከግራ እግሩ ሁለት ጣት ሲቆርጡለት፣ አልጋው ላይ ሆኖ ‹‹እሷ ቆለፈችብኝ እንጂ እኔ አልቆለፍኩም›› ይል ነበር። አንቺ በአውሮፕላን ደረስሽ። ኮሪደሩ ላይ እጄን ይዘሽ ‹‹ሎወል፣ ቁልፉን መኪና ውስጥ መርሳት ጀምሯል፤ የሚቀጥለው ሬሳውን ነው የምናነሣው›› አልሽኝ። ፍርሃትሽ የእውነት ነበር። ያን አልክድም። እኔም ፈርቼ ነበር።

ቢሆንም እኔ መካኒክ ነኝ፤ ፈሪ መካኒክ ደግሞ ቢያንስ መኪናዋን ማየት አለበት። ጎትቼ ጋራዥ አስገባኋት። ጋራዤ ሞቃት ነው፣ ደረቅ ነው፤ በረዶዋን ጠርጌ ሦስት ቀን አቆየኋት። ባትሪ ቀየርኩላት፣ የኔጋቲቩን ገመድ ፈትቼ አጸዳሁ፣ ፊውዞቹን አንድ በአንድ አየሁ። ሦስቱንም ቀን እንደ ደህና ልጅ ጸጥ አለች። አባባ በክራንቹ እያነከሰ መጣና ‹‹እዚህ ሙቀት ውስጥማ ምን ትሆናለች? ውጭ አውጣት። በረዶ ይጣልባት፣ ከዚያ ማሞቂያውን ክፈተውና በረዶው መስታወቷ ላይ ሲቀልጥ እያት፤ ያኔ ነው የምታብደው›› አለኝ። ማርሊስ፣ ሌላ ሰው እንዲህ ብሎኝ ቢሆን ወዲያው አወጣት ነበር። ብልሽቷ በምን ሰዓት እንደሚመጣ የሚነግርሽ ባለመኪና ግማሹን ሥራ ሠርቶልሻል፤ ይህን ያስተማረኝም እሱ ነው። አባቴ ስለሆነ ግን ሳቅኩበት። ‹‹እሺ አባባ፣ ሞቅ ካለው ቦታ ቁጭ በል›› አልኩት። ወረቀቱ ላይም ‹ችግሩ አልታየም› ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩበት።

እኛ ጋራዥ ውስጥ ይህ ቃል በሳምንት አሥር ጊዜ ይጻፋል። ትርጉሙ ‹እኔ ባየኋት ሰዓት አልታመመችም› ነው፤ ‹ባለቤቷ አብዷል› ማለት አይደለም። አንቺ ግን ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ አልሽ፣ እኔም ለምን ሳልል ላክሁ። ወረቀቱ በጠበቃሽ እጅ አልፎ፣ የአባባ ሞግዚት ልሁን ባልሽበት ጉዳይ የወረዳው ዳኛ ፊት ቀረበ። ዳኛው መነጽሩን አድርጎ አነበበውና አባባን ‹‹ይህን የፈረመውን መካኒክ ያምኑታል?›› አለው። አባባ ዞር ብሎ አየኝ። ‹‹ክቡር ዳኛ፣ መፍቻ አያያዝ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ በዚህ ወረዳ ከሱ የሚሻል የለም›› አለ። በገዛ አፉ ታሰረ። ቀጥሎ ‹‹ታዲያ በዚያ ብርድ መስታወቱን ሰብረው ለምን አልገቡም?›› ተባለ። ‹‹ደህና መስታወት ለምን እሰብራለሁ? ሁለት ማይል እኮ ነው›› አለ። ዳኛው ይህንንም ጻፈው። እስቲ ንገሪኝ፣ ከዚህ ወረዳ መስታወቱን የሚሰብር ሽማግሌ ማን ነበር? ዱዌን? ዱዌን ጣቱን ሁሉ ሰጥቶ መስታወቱን ያተርፍ ነበር። እንዲህ ከሆነማ ሁላችንም ላይ ሞግዚት ይሹሙብን። አንቺ ይህን ታውቂያለሽ፤ እዚሁ ነው ያደግሽው። ያን ዕለት ግን አፍሽ ተለጎመ፣ የኔም አብሮ ተለጎመ።

የቀረውን አንቺው ነሽ የሠራሽው። ሞግዚት ሆንሽ፣ አረጋውያን ማቆያ አስገባሽው፣ በመኸሩ ንብረቱ ላይ ጨረታ ተጠራ። የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች የጨረታው ዕለት ኬክ ሸጡ። እኔም በላሁ። የእናታችን የስፌት መኪና ሲሸጥ አፌ ሙሉ ነበር። ቤቱንና ግቢውን ዱዌን ወሰደው፤ በረዶ ሳይጥል በዶዘር አፈረሰውና ቆፍሮ ቀበረው። ዘንድሮ አኩሪ አተር ሊዘራበት ነው። ይህን ለአባባ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የነገረው አልነበረም። ፒካፗን ግን የእብድ መኪና ብለው ማንም አልፈለጋት፤ ጋራዤ ጓሮ ክረምቱን ሁሉ በረዶ ስትጠጣ ከረመች።

መጋቢት አጋማሽ ላይ ፀሐይ ወጣ፣ በረዶው መንጠባጠብ ጀመረ። ምሳዬን ይዤ እንደተቀመጥኩ ከጓሮ ክላክስ ጮኸ። ወጣሁ። ማንም የለም። ቁልፏ ቢሮዬ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። እሷ ግን መብራቷን ታበራለች ታጠፋለች፤ የአራቱም በሮች መቆለፊያ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። ፊቷ ቆሜ፣ ሹካዬን እንደያዝኩ፣ ‹‹አባባ›› አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ከፈትኳት። ከመሪው በታች በስተግራ፣ ትንሽ መጽሐፍ የምታክል ጥቁር ሣጥን አለች። የቦዲ ኮምፒውተር እንላታለን፤ ሞተሩን የምትመራ አይደለችም፣ መብራቱን፣ በሩን፣ ክላክሱን፣ የዝናብ መጥረጊያውን ሁሉ የምታዘው ግን እሷ ናት። ከፊት መስታወቱ ጥግ ውኃ ጠብ ጠብ እያለ ይወርድባታል። ሶኬቶቿን ስነቅል መርፌዎቹ አረንጓዴ ዝገት ለብሰዋል፤ ሁለቱ እጄ ላይ ተፈረፈሩ። ውኃ ሲነካት እንዳሻት ታዛለች፤ ስትደርቅ ጸጥ ትላለች። አባባ በክራንች ቆሞ ከነገረኝ አንድም አልሳተም።

ውኃው በየት ገባ ብለሽ አትጠይቂኝም፤ አንቺ እንዲህ ያለ ነገር አትጠይቂም። እኔ ግን እነግርሻለሁ። በዚያው መኸር፣ ከአግነስ ቀብር ሦስት ሳምንት በፊት፣ እህል ጫኝ መኪና ያስፈነጠረው ድንጋይ መስታወቷን ሰነጠቀው። አዲሱን የገጠምኩት እኔ ነኝ። በማግስቱ የአጋዘን አደን ይከፈት ስለነበር ቸኩዬ ነበር። ግራው ጥግ ላይ ሙጫው ሳስቶብኝ አይቻለሁ። አይቼ ‹ይበቃዋል› አልኩ። አባባ በዚያ ብርድ ሊሰብረው የሳሳለት መስታወት የጎኑ ነው፤ ጣቶቹን የበላው ግን የኔ መስታወት ነው። ስለዚህ አንቺን ብቻ እየረገምኩ እንዳይመስልሽ። ለራሴም ተርፎኛል።

ያን ዕለት ነው የደወልኩልሽ። ገና ‹‹ማርሊስ፣ አባባ ልክ ነበር›› ከማለቴ ‹‹ታዲያ አሁን የት ልትወስደው ነው? ቤት የለ! ብትነግረው ተነሥቶ ጠበቃ ይይዛል፣ በየፍርድ ቤቱ ያዞረናል፣ ቤቱም እንደፈረሰ ይሰማል። እንዲያው ብትወደው ዝም በል። አሁን እየነዳሁ ነው›› ብለሽ ዘጋሽው። የሚያናድደኝ ዘግተሽ መሄድሽ አይደለም። ያልሽው ነገር ለኔም እንደሚመቸኝ ወዲያው ስለገባኝ ነው።

ቢሆንም ሣጥኗን ለመቀየር ተነሣሁ፤ እጄ ሥራ ካልያዘ ልቤ ይበላኛል። መጀመሪያ ከተጋጩ መኪናዎች ግቢ ያገለገለች አመጣሁና ገጠምኩ። ሞተሩ ተነሥቶ ሁለት ሴኮንድ ሳይቆይ ጠፋ። የነዚህ ሣጥኖች ነገር እንዲህ ነው፤ ከሌላ መኪና የወጣች ሣጥን የዚያችን መኪና መለያ ይዛ ትመጣለች፣ ሞተሩም ሌባ የገጠማት መስሎት አላውቅሽም ይላታል። ከዚያ በፒካፗ ቁጥር አዲስ አዘዝኩ። መስታወቱንም አውልቄ በወጉ አጣበቅኩ። አዲሷ ሣጥን ቁልፎቿን መማር አለባት፤ የምትማረው ደግሞ ሁለቱም ቁልፎች ሲቀርቡላት ነው። አንዱ እኔ ጋ አለ። ሌላውን አባባ ፍርድ ቤት ‹‹ጠፍቶብኛል›› ብሎ ነበር። አባባ ደግሞ ዕቃ አይጠፋበትም።

ማቆያው ሄድኩ። አባባ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ሼልቢ ከምትባለው አስታማሚ ጋር ይቀልዳል። ሲያየኝ ‹‹ሼልቢ፣ መካኒኩ መጣ! የሚንቋቋብሽ ነገር ካለ አሁኑኑ ደብቂ፤ እሱ ሲያየው ድምፁ ይጠፋል፣ ከዚያ ማንም አያምንሽም›› አለ። እሷ ሳቀች፣ እኔም እንደ መሳቅ አልኩ። ከዚያ ለብቻችን ስንሆን ቁልፉን ጠየቅኩት። ‹‹ምን ሊሠራልህ?›› አለኝ። ልሸጣት ነው አልኩት። ‹‹አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፤ ሌላ አልጠይቅህም። ውጭ አሳደርካት? በረዶው ሲቀልጥባት አየሃት?›› አለኝ። ዓይኑ ዓይኔ ላይ ነበር። ይህን ጥያቄ ዓመት ሙሉ አስቀምጦልኛል፤ አእምሮውን ሁሉ አስይዞ የቆየው በሱ ላይ ነው። ቤቱን አሰብኩ፣ የዱዌንን ዶዘር አሰብኩ፣ አንቺን አሰብኩ፣ ከሁሉ በላይ ያችን የሳሳች ሙጫ አሰብኩ። ‹‹ክረምቱን ሙሉ ውጭ ነው የከረመችው። ምንም የላትም አባባ›› አልኩት።

አልተቆጣም። ቢቆጣ ምን ነበረበት! ‹‹እንግዲያው እኔ ነኛ›› አለ። ጎንበስ ብሎ የግራ ጫማውን አወለቀ። ጫማው አፍንጫ ውስጥ፣ ሁለቱ ጣቶቹ በነበሩበት ቦታ፣ በካልሲ ቁራጭ የተጠቀለለ ቁልፍ ነበር። እጄ ላይ አኖረውና ‹‹ጥሩ መኪና ናት፤ የሚይዛት ሰው ስጣት›› አለኝ። ቁልፉ ሙቅ ነበር። ጋራዥ ተመልሼ ሣጥኗን ሁለቱን ቁልፎች አስተማርኳት። አንዴ ነካ ሳደርጋት ተነሣች። ዛሬ በዝናብም በበረዶም ጸጥ ያለች መኪና ናት።

አሁን ከዚያ ወዲህ ያለውን ስሚ። በሳምንቱ ስሄድ አባባ ሸሚዙን ቆልፎ ጨርሶ ‹‹ልክ ነው የቆለፍኩት?›› ብሎ ሼልቢን ሲጠይቃት አገኘሁት። ልክ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ምሳ በልቶ እንደሆነ ይጠይቅ ጀመር። ተረብ የለም፣ ከዳኛው ጋር ሙግት የለም፣ ‹‹ቤቴ መቼ ነው የምሄደው›› የለም። ሼልቢ ኮሪደር ላይ አስቁማ ‹‹አባትህን ምን ነካቸው? የዚህ ወለል ቀን መቁጠሪያ እሳቸው ነበሩ እኮ! ዛሬ ማክሰኞ ነው ብለው ሲያበቁ እኔን ይጠይቁኛል። ተሳስተው አይደለም፤ ራሳቸውን ማመን ትተው ነው›› አለችኝ። የማቆያው ሐኪምም ‹ተረጋግቷል› ብሎ ጻፈ። ደስ ይበልሽ።

መቻል አቃተኝ። ባለፈው እሑድ ያችን የዛገች ሣጥን በላስቲክ ጠቅልዬ ይዤለት ሄድኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚሉት ነው፤ ቢሆንም ጮህኩ። ጉልበቱ ላይ አስቀመጥኩለትና ሁሉንም ነገርኩት፤ ውኃውን፣ ዝገቱን፣ ሙጫውን፣ ውሸቴን። ቤቱንም ነገርኩት። አባባ ሣጥኗን ገልበጥ አድርጎ አያት። አረንጓዴው ላይ ጣቱን አሻሸ። ‹‹ይቺን ከየትኛው መኪና ነው ያወጣሃት?›› አለኝ። ከራስህ ፒካፕ አልኩት። ፈገግ አለ፤ እጄን መታ መታ አደረገው። ‹‹ጥሩ ልጅ ነህ ሎወል። ግን ሽማግሌ ደስ ይበለው ብለህ አትዋሽ። ክረምቱን ሙሉ ውጭ አሳድረሃት ምንም የላትም ብለኸኛል። አንተ ደግሞ በመኪና ነገር ተሳስተህ አታውቅም›› አለኝ።

ማልኩለት። በእናታችን ስም ማልኩለት። እንባዬ መጣ፤ እሱ ደግሞ ሼልቢን ጠርቶ ‹‹እባክሽ ለልጄ ውኃ ስጪልኝ፤ ሥራ በዝቶበት ደክሞት ነው›› አላት። ና እኔ ጋ፣ ከጋራዡ በላይ ካለው ክፍል አብረን እንኑር አልኩት። ‹‹አይሆንም፤ ምድጃ ለኩሼ ብረሳስ? እዚህ ይሻለኛል›› አለ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ይኸው ጠራ፤ ግን እኔው ቀድሜ የሰውየውን ዓይን አጥፍቼዋለሁ። አንቺ ዝም በል አልሽኝ፣ እኔ አልፌ ዋሸሁ። ማን እንደሚብስ አንቺ ፍረጂ፤ የፍርድ ነገር ይሆንልሻል።

ነይ ወይም ቅሪ አልልሽም። መጥተሽ ብትነግሪውም አያምንሽም፤ ደግ ልጅ ነሽ ብሎ እጅሽን መታ መታ ያደርግሻል። ያን ከቻልሽው ነይ።

ዴነስን ሰላም በይልኝ፤ ጨው ይቀንስ። ብሪን ትምህርቷን እንደጨረሰች ሰምቻለሁ፣ አጎትሽ ደስ ብሎታል በያት። ቶቢያስ መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ነው አሉ፤ መኪናዋ እንግዳ ነገር ካሳየችው አባቱን ሳይሆን ጥሩ መካኒክ ይጠይቅ፣ መካኒኩም የሱ ዘመድ አይሁን። የዴነስን እናት በስሜ እጅ ንሺልኝ። ሼልቢም ባታውቅሽም ሰላም ብላሻለች።

አባባ ደብዳቤ እንደምጽፍልሽ ሲሰማ እሱም መልእክት ጨምርልኝ አለ። ቃሉን አልቀየርኩም። ‹‹ለማርሊስ፣ ልክ ነበርሽ በልልኝ። ፍርድ ቤት ስለተቆጣኋት ይቅር ትበለኝ›› ብሎሻል።

ወንድምሽ ሎወል ቶርጌርሰን
ኤልም ፎርክ፣ ሰሜን ዳኮታ
እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 23 ቀን 2019